“መጨረሻ ላይ ማን ይቀየራል?” ድሬዳዋ ላይ የፍቅር ፊልም ስንሠራ ያለፍንበት

ሰሞኑን መልእክት በዝቶብኛል። “የሙስሊምና የክርስቲያን ፍቅር ላይ ስክሪፕት አለን፣ እናንተ እንዴት ተወጣችሁት?” የሚሉ ወጣቶች ናቸው። ከሐረርም፣ ከድሬም፣ ከጅማም ይጽፉልኛል። ለእያንዳንዱ በድምፅ መልስ ስቀዳ ጉሮሮዬ ደረቀ። አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈውና ለሁሉም ይድረስ አልኩ።

ፊልሙን የሠራነው ድሬዳዋ ላይ፣ ያለ ስፖንሰር፣ በኪራይ ካሜራ ነው። ጽፌ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የመነሻ ታሪኩ ቀላል ነው። የመጋላ ሰፈር ልጅ የሆነች ሙስሊም እና የከዚራ ሰፈር ልጅ የሆነ ክርስቲያን ይዋደዳሉ። ከስክሪፕቱ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እስከ ምርቃቱ ድረስ ያገኘሁት ሰው ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ “መጨረሻ ላይ ማን ይቀየራል?” የምነግራችሁ ጣጣ ሁሉ ከዚች ጥያቄ ጋር ይያያዛል።

የመጀመሪያው ስክሪፕት ቤተሰቦቹን ክፉ አድርጎ ነበር የሳላቸው። የልጅቷ አባት ይጮሃል፣ በር ይቆልፋል። የልጁ እናት ትራገማለች። ፍቅረኞቹ ብቻ ናቸው ሰው። ከሰዓት በኋላ፣ ሐሩሩ ሁሉንም ቤት ውስጥ በከተተበት ሰዓት፣ ጎረቤቶቼን ሰብስቤ አነበብኩላቸው። ጎረቤታችን ሃጂ ትራሳቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፣

“ልጄ፣ ይሄ አባት ልጁን አይወዳትም እንዴ?” አሉኝ።

“ይወዳታል እንጂ ሃጂ።”

“ታዲያ የታለ? እኔ እዚህ ውስጥ ሲወዳት አላየሁም። አባት የሚቆጣው ሲፈራ ነው። ምን እንደፈራ አልነገርሽንም።”

እሳቸው ራሳቸው ነገሩኝ። አባት የሚፈራው የልጅ ልጁ ስም ማን እንደሚባል ነው። ሲሞት በዱዓ የሚያስታውሰው ዘር መኖሩን ነው። ልጁ ስትሞት የት እንደምትቀበር ነው። በማግስቱ የልጁን እናት የምትመስል አንዲት የሰንበቴ እናት ጠየቅሁ። የነገሩኝ ከሃጂ ጋር አንድ ነው። ክርስትና ማን ያነሳል፣ ተዝካር ማን ያወጣል፣ እኔ ሳልፍ ፍትሐት ላይ ልጄ የት ይቆማል። ሁለቱም ቤት የፈራው ያንኑ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ስክሪፕቱ ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ተጻፈ። እናንተም ከመጻፋችሁ በፊት የሁለቱንም ወገን ወላጅ “ምን ያስፈራዎታል?” ብላችሁ ጠይቁ። “ምን ይላሉ?” ብላችሁ ከጠየቃችሁ ስብከት ነው የሚነግሯችሁ።

ሌላ ያወጣነው ነገር ደቻቱ ነው። ደቻቱ መጋላን ከከዚራ የሚለይ ደረቅ ወንዝ ስለሆነ ምልክት ለማድረግ ያማልላል። አንዱ ወዲህ ማዶ፣ አንዷ ወዲያ ማዶ፣ መሃል ላይ አሸዋ። ድሬን ለማያውቅ ሰው ሊያምር ይችላል። የድሬ ሰው ግን ይስቅብናል። መጋላ ውስጥ ክርስቲያን አለ፣ ከዚራ ውስጥ ሙስሊም ሞልቷል። ባቡሩ በ1902 እዚህ ከደረሰና ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ ሰው ተደባልቆ ነው የኖረው። ችግሩ ያለው አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ውኃ ቧንቧ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቤተሰቦች አንድ ግቢ አስገባናቸው። ድራማው ያኔ ነው ነፍስ የዘራው።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ብዙ ስክሪፕት የሚወድቀው እዚህ ነው። ማን ሙስሊም፣ ማን ክርስቲያን እንደሚሆን ዝም ብላችሁ ዕጣ አትጣሉ። በእስልምና ሙስሊም ወንድ ክርስቲያን ሴት እንዲያገባ ይፈቀድለታል። ሙስሊም ሴት ግን ሙስሊም ያልሆነ ወንድ ማግባት አይፈቀድላትም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ደግሞ ለተክሊልም ለቁርባንም ሁለቱም የተጠመቁ መሆን አለባቸው። እንግዲህ እኛ ሴቷን ሙስሊም፣ ወንዱን ክርስቲያን ስናደርግ የባሰውን መንገድ ነው የመረጥነው። አውቀን ነው። ግን አንዳንዱ ጸሐፊ ሳያውቅ ይመርጥና ሼኹ “ይሄ ኒካሕ ከየት መጣ?” ሲለው ይደነግጣል።

የመንግሥት ሕግ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ለአቅመ ጋብቻ የደረሱ ሰዎች በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግባቸው የማግባትና ቤተሰብ የመመሥረት መብት እንዳላቸው ይላል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ድሬዳዋ ላይ ይሠራል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ ለእያንዳንዱ ተጋቢ ሁለት ሁለት ምስክር ይፈልጋል፤ በድምሩ አራት። እኛ ሁለት ምስክር ብቻ አስገብተን ጽፈን ነበር። የሕግ ባለሙያ ጓደኛዬ ናት የያዘችን። ሌላም ትዕይንት አስወጣችን። አጎትየው ልጅቷን “ሸሪዓ ፍርድ ቤት አቆምሻለሁ” ብሎ የሚያስፈራራበት ነበር። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ጉዳይ የሚያየው ተከራካሪዎቹ ተስማምተው ሲቀርቡ እንጂ አንዱ ሌላውን እየጎተተ አይደለም። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ሐረር የምትሠሩ ልጆች የክልሉን ጠይቁ፣ የእኛን አትቅዱ።

ከሕጉ ያገኘነው ትልቁ ስጦታ ግን ሌላ ነው። በክብር መዝገብ የሚጋቡ ሰዎች ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ አለባቸው፤ ጋብቻውም ለሕዝብ ይገለጻል፣ መቃወሚያ ያለው እንዲያቀርብ። እስቲ አስቡት። በድብቅ ሲዋደዱ የቆዩ ሁለት ልጆች ስማቸው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያነበበ፣ አንድ ወር ሙሉ። የፊልማችን ሁለተኛ ግማሽ ያ አንድ ወር ሆነ። ጩኸት መፍጠር አላስፈለገንም። አንዲት ሴትዮ ለመታወቂያ ጉዳይ ሄዳ ሰሌዳው ላይ ዓይኗ ያርፋል፤ መነጽሯን ታወጣለች። በቃ።

ጊዜውንም መምረጥ ነበረብን። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ኢድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 ነበር የዋለው። ዓቢይ ጾምና ረመዳን ተደራርበው ሁለቱም ቤት ጾመኛ ነበር ማለት ነው። ታሪኩን እዚያ ላይ አስቀመጥነው። የእስልምና አቆጣጠር በየዓመቱ አሥር፣ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ ይህ መገጣጠም ሁልጊዜ አይገኝም። እናንተም ታሪካችሁ በዓል ካለው ዓመቱን ቁረጡና የዚያን ዓመት ቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። አለበለዚያ አንዱ ትዕይንት ላይ ገና፣ ሁለት ትዕይንት ቆይቶ አረፋ ይመጣና ተመልካች ጣቱን መቁጠር ይጀምራል።

ወደ ገንዘቡ። መነሻችን የእቁብ ዕጣና የጓደኞች ብድር ነው። ግማሽ ላይ ስንደርስ አለቀ። ባለሀብት ፍለጋ ወጣን። የመጀመሪያው ሰው ስክሪፕቱን ወደደው፣ ቡና ጋበዘን፣ ከዚያ ጠየቀ፤ “መጨረሻ ላይ ልጅቷ ትጠመቃለች አይደል?” አትጠመቅም አልነው። ቼኩ ኪሱ ውስጥ ቀረ። ሁለተኛው ሰው ከወዲያኛው ወገን ነው። እሱም ወደደው፣ ሻይ ጋበዘን። “ልጁ ይሰልማል አይደል?” አይሰልምም። ስንወጣ ካሜራማናችን “አቦ፣ አንዱን ጠዋት አንዱን ማታ እናሳያቸው፣ ሁለቱንም እንቀበል” አለ። ሳቅን። ግን ሆዳችን ባዶ ነበር።

ይሄ የምር ፈተና ነው። ገንዘቡ ትልቅ ነው፣ እናንተ ደግሞ ዕዳ ላይ ናችሁ። እኔ የምላችሁ፣ ገንዘብ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት መጨረሻውን በአንድ ገጽ ጻፉና ሁላችሁም ፈርሙበት። እኛ ጽፈን ስለነበር ክርክሩ እኛ ዘንድ አልገባም። ካሜራ ለማከራየት የተስማማን ሰው ከገቢው ድርሻ እንዲወስድ አድርገን፣ ቀኑን ቀንሰን፣ ሎኬሽን አጥፈን ጨረስን። የባቡር ጣቢያውን ትልቅ ትዕይንት ሠረዝነው። አሁን ሳየው አልናፈቀኝም።

ተዋናይ ምርጫው ላይ ትንሽ ልቆይ። ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ የመረጥናት ልጅ ሙስሊም ናት። ጎበዝ ናት። ለልምምድ ሁለት ሳምንት ያህል መጣች፣ ከዚያ ስልኳን ዘጋች። ወንድሟ ሰምቶ ነው። “ከክርስቲያን ልጅ ጋር ፊልም ትሠራለች” የሚለው ወሬ ቤት ደርሶ “ከክርስቲያን ልጅ ጋር ትወጣለች” ሆኗል። እናቷ ጋ ሄድን። እኔ፣ ወንዱ ተዋናይና ሃጂ። ስክሪፕቱን ይዘን ሄደን የእሷን ትዕይንቶች አንድ በአንድ አነበብንላቸው። እናትየው ሦስት ነገር ጠየቁ። መነካካት የለም። ፀጉሯ አይታይም። ከመግሪብ (ፀሐይ ከገባች) በኋላ ያለ ወንድሟ አትቀርጽም። ሦስቱንም ውሉ ላይ አስገባን። ወንድሟን ደግሞ የድምፅ ረዳት አድርገን ቀጠርነው፤ ማይክ ተሸካሚ። እስከ መጨረሻው ቀን ከሁላችን ቀድሞ የሚመጣ እሱ ነበር።

ወንዱም የራሱ ነገር ነበረው። በአንድ ትዕይንት ማተቡን እንዲያወልቅ ተጽፏል። አላወልቅም አለ። “ተውኔት ነው” አልነው። “አውቃለሁ፣ ግን ከተጠመቅሁ ጀምሮ አውልቄው አላውቅም” አለ። ትዕይንቱን ቀየርነው። እጁን ወደ አንገቱ ይሰዳል፣ ክሩን ይይዛል፣ ይተወዋል። ከጻፍኩት የተሻለ ሆነ። ተዋናይ የሃይማኖቱን ድንበር ሲነግራችሁ አትሟገቱት። ካሜራ ከመነሳቱ በፊት ጠይቁት፣ ጻፉት፣ በዚያ ውስጥ ሥሩ።

ፈቃድ ላይ አጭር ልሁን። ከባህልና ቱሪዝም ቢሮ ደብዳቤ፣ ከቀበሌ ደብዳቤ፣ ለፖሊስ ግልባጭ። ኦርጅናሉን ቤት አስቀምጡ፣ ኮፒውን ይዛችሁ ዙሩ። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ግቢ ለመግባት ደብዳቤው አይበቃም፤ ኮሚቴውንና የሰበካ ጉባኤውን በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። እኛ ከሁለቱም በር ውጭ ሆነን ነው የቀረጽነው። ሰው ጫማ ሲያወልቅ፣ ሰው ደጀ ሰላም ሲሳለም። ከዚያ በላይ አላስፈለገም።

የድሬን ፀሐይ የማታውቁ ካላችሁ፣ ቀረጻ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። መሃሉን እርሱት። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን የሰው ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ካሜራም ግሎ ይጠፋል። በዚያ ላይ ቀትር ላይ ብዙው ሱቅ ይዘጋል፣ ከተማው በርጫ ላይ ነው፣ አጃቢ ተዋናይ ብትፈልጉ አታገኙም። ያን ሰዓት ለቤት ውስጥ ትዕይንት አዋልነው። ቤት ውስጥ ስትቀርጹ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ መሆኑን አትርሱ። በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን (የካሜራውን መክፈቻ ፍጥነት) 1/50 ሴኮንድ አድርጉ፤ አለበለዚያ አምፖሉ ምስሉ ላይ ይርገበገባል። ቬንትሌተር አጥፉ። ላብ ይፈስሳል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም፣ መሐረብ ያዙ።

ደቻቱን ምልክት ማድረጉን ብንተወውም አሸዋው ላይ የሮጡበት አንድ ሾት አለን። ክረምት ነበር። ሰማዩ ድሬ ላይ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፉ ከላይ ከተራራው ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው። የከተማዋ ሰው አይረሳውም። አንድ ልጅ ላይኛው መንገድ ላይ ስልክ ይዞ እንዲቆም አድርገን፣ ጀነሬተሩን ዳር ላይ አስቀምጠን ቀረጽን። በክረምት እዚያ ዕቃ ዘርግታችሁ ምሳ እንዳትበሉ።

ድምፅ ከሁሉም አስቸጋሪው ነበር። ባጃጁን ተዉት። አዛን ሲጀምር አንዱ መስጊድ ከሌላው በሴኮንዶች ይለያያል። በአንዱ ሾት ላይ ከኋላ አዛን አለ፣ በሚቀጥለው የለም፤ ስትቆርጡት ይዘላል። ሌሊት ደግሞ የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ አለ። የሶላት ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፈን በዚያ መሃል ንግግር ያለበትን ትዕይንት እየጨረስን፣ አዛኑን ለብቻው በጥሩ ማይክ ቀዳነው። ታዲያ ኤዲተራችን የፍቅር ትዕይንት ሥር እንደ ሙዚቃ ጎትቶ አስገባው። ያማረ መስሎት ነው። ዋጋ ሊያስከፍለን ነበር፣ እመለስበታለሁ።

ስለ ምግብ ሳልነግራችሁ ባልፍ ትዝብት ነው። የኛ አገር ሰው ሌላው ሃይማኖት ያረደውን ሥጋ እንደማይበላ ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ፊልም ስንሠራ እንረሳዋለን። በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም የሚሆን ብለን ያስመጣነው ጥብስ ግማሹ ሰው ሳይነካው ቀረ። ግማሹ ቡድን ሻይ በዳቦ በላ፣ ግማሹ እያፈረ ጥብስ። ሰው ተራርቆ ተቀመጠ። ከምሳ በኋላ የቀረጽነው ትዕይንት ሁሉ ደረቅ ነው፤ ዛሬም ሳየው ያስታውቃል። ከዚያ ቀን በኋላ ሥጋ አላስገባንም። ሽሮ፣ ምስር፣ ፉል፣ እንቁላል፤ ረቡዕና ዓርብ የጾም። ወጪውም ግማሽ ሆነ። ቡድኑ አንድ ትሪ ላይ ተሰበሰበ።

ያው ነገር ስክሪፕቱን አተረፈው። ሁለቱም የሚጾሙበት ወር ነው አልኳችሁ። ልጁ ከቅዳሴ በኋላ የጾም ምግብ ይበላል፣ እሷ እስከ መግሪብ ምንም አትቀምስም። አብረው የሚበሉት ነገር ምን ይሆን ብለን ተቸገርን። የልጅቷን እናት ሆነው የተጫወቱት ሴትዮ “ምን ያስጨንቃችኋል፣ የምስር ሳምቡሳ ነዋ” አሉ። ምስር ነው፣ በዘይት ነው፣ ሥጋም ቅቤም የለውም። ለማፍጠሪያ ይሆናል፣ ለዓቢይ ጾምም ይሆናል። ትዕይንቱ እንዲህ ሆነ። እናትየው ሳምቡሳ እየጠበሱ ነው። ልጃቸው ያንን የጎረቤት ልጅ እንደምትወደው ገና መስማታቸው ነው። ተቆጥተዋል። ከትሪው ላይ እያነሱ ይቆጥራሉ። አራቱን ወረቀት ላይ ለይተው ያስቀምጣሉ። ሕፃኑን ይጠሩና፣

“ለእናቱ አድርስ። የምስር ነው በላቸው።”

“ተጣልታችሁ የለ እንዴ?”

“ጾመኛ ናቸው። ሂድ አልኩህ።”

ሲመረቅ አዳራሹ ያጨበጨበው እዚህ ላይ ነው። መሳሳም የለ፣ ልቅሶ የለ።

አሁን ወደ ከባዱ ሳምንት። ቀረጻው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ አጃቢ ተዋናይ በስልኩ ያነሳውን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ትዕይንቱ ላይ ነፋስ የልጅቷን ሻሽ ከትከሻዋ ይወስደዋል፣ ልጁ አንሥቶ ይሰጣታል። ፎቶው ላይ ግን እሱ የሚገፍፋት ይመስላል። ማታውን ስልኬ አላረፈም። አንዱ ሃይማኖታችንን አዋረዳችሁ ይላል። ሌላው ክርስቲያኑን ሴት አሳዳጅ አደረጋችሁት ይላል። ቤቱን ያከራዩን ሰውዬ “ልጆቼ፣ ይቅርባችሁ” ብለው ቁልፉን ወሰዱ።

ጓደኞቼ ፌስቡክ ላይ መልስ እንጻፍ አሉ። ሃጂ ከለከሉን። “የጻፋችሁትን ሁሉ መልሰው ይጽፉባችኋል። ይልቅ ጠርታችሁ አሳዩዋቸው” አሉ። ደግ ነገር ነው የመከሩን። የሰፈሩ እድር ሁለቱንም ወገን ያቀፈ ነው፤ ድንኳኑም ወንበሩም የጋራ ነው። በእድሩ ዳኛ በኩል ከመስጊዱ አንድ ሼኽ፣ ከደብሩ አንድ ቄስ፣ የሰፈር ሽማግሌዎችና እናቶች ተጠሩ። ያለቀውን ያህል፣ ሙዚቃው ሳይስተካከል፣ በላፕቶፕ አሳየናቸው።

ፎቶው የተነሳበት ትዕይንት ሲደርስ ማንም ምንም አላለም። ያልጠበቅነውን ግን አወጡ። ሼኹ ስለ ሶላት ትጥበቱ “አባትየው ውዱእ ሲያደርግ ክንዱን ከፊቱ አስቀድሟል፤ ፊት ነው የሚቀድመው” አሉ። ከዚያ አዛኑን አነሱ። “አዛን ጥሪ ነው፣ ለፍቅር ማጀቢያ አይሆንም” አሉ። ቄሱ ደግሞ ሳቅ ብለው “በዓቢይ ጾም ሠርግ አስደግሳችኋል፤ ማነው የፈቀደላችሁ?” አሉኝ። የልጁ የአክስት ልጅ ሠርግ ነበር፣ ለማስዋቢያ ያስገባነው። ሦስቱም እውነት ነው። ውዱኡን እንደገና ቀረጽነው፣ አዛኑን አነሳን፣ ሠርጉን ወደ ዳግም ትንሣኤ ሰሞን አሻገርነው። ሽማግሌዎቹም ወጥተው “አይተነዋል፣ ነውር የለበትም” አሉ። የእኛ አንድ ሺህ ቃል የማይሠራውን ይቺ ሠራች። ቁልፉም ተመለሰ።

ይህን ስነግራችሁ “ፊልማችሁን አስመርምሩ” ማለቴ አይደለም። ማንም መጨረሻውን ቀይሩ አላለንም፤ ቢሉንም አንቀይርም ነበር። ግን ስለ ሰው ሥርዓት ስትሠሩ የሥርዓቱ ባለቤት ቢያያችሁ ትጠቀማላችሁ እንጂ አትጎዱም። እኛ ስክሪፕቱ ላይ እያለን ብናደርገው ኖሮ ዳግም ቀረጻው ይቀርልን ነበር። አጃቢ ተዋናይ ሲገባ ደግሞ ስልክ በከረጢት ሰብስቡ፣ ስም ጻፉበት፣ ሲወጣ መልሱለት። የቅጥር ወረቀቱ ላይም ፎቶ ክልክል መሆኑ ይግባ።

መጨረሻው ምን ሆነ? ማንም አይቀየርም። ወሩ ያልቃል። አራት ምስክር ያስፈልጋቸዋል፣ ሦስት አላቸው። አራተኛው ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ አልነግራችሁም፣ ፊልሙን እዩት። አዳራሹ ውስጥ ግን የተከፋ ነበር። አንድ ሰውዬ ወጥተው “ታዲያ ልጆቹ ምን ሊሆኑ ነው?” ብለው ተቆጡኝ። የሚወለዱትን ልጆች ማለታቸው ነው። መልስ የለኝም አልኳቸው። እውነቴን ነው። ከሃጂ ጋር ዛሬም በዚህ እንከራከራለን። እሳቸው ፊልሙን ይወዱታል፣ ጋብቻውን ግን አይቀበሉትም። ሁለቱንም ፊት ለፊት ይነግሩኛል።

ዩቲዩብ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ሁለት ነገር። የሙዚቃውን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ “ጓደኛዬ ነው፣ ፈቅዶልኛል” የሚል አንቀጽ የለውም። ኮሜንቱን ደግሞ ለብቻችሁ አትጠብቁ። እኛ የመጀመሪያውን ሳምንት ለሁለት ሰው ሰጠነው፤ የተዋናይዋ ወንድምና አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ። ስምምነታችን አንድ ነበር። ሙስሊሙን የሚሳደበውን የሚያጠፋው ክርስቲያኑ ነው፣ ክርስቲያኑን የሚሳደበውን የሚያጠፋው ሙስሊሙ። ሌሊት እየተደዋወሉ ይሠሩ ነበር። ከሳምንት በኋላ ስድቡ ቀነሰና የሳምቡሳውን አሠራር የሚጠይቅ በዛ።